የህንዱ ወንፈል

ህንድ አገር ደርሼ መምጣቴን ለአንድ ሰው ሳልነግር የመሸብኝ ቀን የለም። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ሚስቴ ይህን ወሬ ስለጠገበችው ገና «ህንድ» ስል ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ልጆቼም ከእሷ አይሻሉም። እንግዲህ የሚቀረኝ አዲስ ሰው ነው። አትቸኩሉ፤ አላስረዝምም። ከአገር ወጥቼ የቆየሁት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ወሬው ነው አላልቅ ያለው።

ጉረኛ ነህ ካላችሁኝም አልቀየምም። በጃንሆይ ዘመን፣ አዲስ አበባን ያየ ሰው ሞጣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ቦታ በሚለቀቅለት ጊዜ፣ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሬያለሁ። እንዴት አልኮራ? ታዲያ አንድ ጉድ ልንገራችሁ። ዛሬ ሞጣ ሄዳችሁ «ከዚህ አገር መጀመሪያ ህንድ የደረሰ ማነው?» ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ የኔን ስም አይነግሯችሁም። «አያ ፈንታ ነዋ» ነው የሚሏችሁ። አያ ፈንታ ደግሞ በሕይወታቸው ከብቸና አልፈው አያውቁም። እንዴት ሆነ? እሱን ነው የማወራችሁ።

ቤታችን ከሞጣ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ስምንተኛን እዚያው ጨርሼ ለሁለተኛ ደረጃ ብቸና ሄድኩ። ያኔ መሄድ ማለት በእግር ነው። በሶና ድርቆሽ ተሸክሜ፣ ጉንደ ወይን ላይ ከዘመድ ቤት አድሬ፣ በማግሥቱ ደግሞ እግሬ እስኪዝል። ዛሬ ልጆች መኪና አንድ ሰዓት ሲዘገይባቸው ሲነጫነጩ ሳይ እስቃለሁ። ኧረ ተውኝ፣ ወደ ወሬዬ ልመለስ።

ብቸና የሒሳብ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ። ሚስተር ጎፓል እንላቸዋለን። በዚያ ዘመን የህንድ አስተማሪ በየትምህርት ቤቱ ስለነበር የሚደንቅ አልነበረም። የእኛው ግን ልዩ ነበሩ። ቀጫጫ ናቸው። ከረባት ሳያስሩ ታይተው አያውቁም። ጃንጥላ በክረምትም በበጋም አይለያቸውም። ሥጋ አይበሉም። የብቸና እናቶች ይህን ሲሰሙ «እኛ ሁለት መቶ ቀን ጾምን ብለን እንመጻደቃለን፤ ሰውዬው ዓመቱን ሙሉ!» እያሉ ራሳቸውን ይታዘቡ ነበር። ወተት እንደሚጠጡ ሲሰማ ግን አድናቆቱ ትንሽ ቀነሰ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ተማሪዎች ተመርጠው በክረምት ወደ ህንድ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ትምህርትና ጉብኝት ነው፤ ከዚያ አንድ የገጠር መንደር ገብቶ በበጎ ፈቃድ ሥራ መሥራት። የሚፈልግ በእንግሊዝኛ ድርሰት ይጻፍ። ርእሱ «ሰው ሌላውን ለምን ይረዳል?» የሚል ነበር። ጓደኞቼ ስለ ሰላም ጻፉ፣ ስለ ሰው ልጅ ወንድማማችነት ጻፉ። እኔ እንዲህ ያለው እንግሊዝኛ አልነበረኝም። ስለማውቀው ስለ ወንፈል ጻፍኩ። ዛሬ እኔ ያንተን እርሻ አርማለሁ፣ ነገ አንተ የኔን ታርማለህ፤ ሰው የሚረዳው ለዚህ ነው አልኩ። ሚስተር ጎፓል ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እሳቸው መነጽር ከጠረጉ ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህን ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

ተመረጥኩ። ወሬው ሞጣና ብቸና እኩል ደረሰ። ሞጣዎች «ልጃችን» አሉ፤ ብቸናዎች «ተማሪያችን» አሉ። የልብሱ ጉዳይ ራሱ ክርክር ነበር። ኮቱን ሞጣ የአውራጃው ጸሐፊ አዋሱኝ። ከረባቱን ብቸና ዲሬክተሩ ሰጡኝ። ህንድ ሄጄ የተነሳኋት አንዲት ፎቶ አለችኝ፤ ኮቱ የሞጣ፣ ከረባቱ የብቸና ነው። መሐል ላይ ያለው ፊት ብቻ ነው የኔ።

አሁን የቀረው አባቴ ነው።

አባቴ፣ አያ በላቸው፣ ገበሬ ነው። ባለብዙ መሬት አይደለም፤ ባለቃል ነው። በአገሩ «አያ በላቸው ብሏል» ከተባለ ነገር አለቀ። ወንፈል አብረውት የሚገቡ አራት ጓደኞች ነበሩት። የወንፈል ሕግ የማታውቁ ካላችሁ፣ ቀላል ነው። ደቦ እንደሆነ ጠርቶ፣ አብልቶ፣ አጠጥቶ ማሰናበት ነው። ወንፈል ግን ተራ ነው። ማሳህ ላይ የዋለልህን ሰው ማሳው ላይ ትውልለታለህ። የወንፈል ቀን አይቀርም። የታመመ ልጁን ይልካል፤ ልጅ የሌለው ለምኖ ሰው ይልካል። ተራውን ሳይመልስ ቀን የበላ ሰው ከወንፈል ብቻ አይደለም የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ምስክር ሆኖ የሚጠራው የለም፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥ የለም።

ከአባቴ ጋር ያደረግነውን ንግግር ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ። እናቴ ጥግ ላይ ሆና ገና ባላየችው ባሕር ውስጥ ስሰጥም እየታያት ታለቅሳለች። አባቴ ግን ለቅሶ አልገባም፤ ጥያቄ ነው የገባ።

«መቼ ነው?» አለኝ።

«ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ።»

በበሩ በኩል ወደ ማሳው አየ። «አረሙስ?»

የጤፍ አረም ስንት ወገብ እንደሚበላ አውቃለሁ።

«ምን ልትሠራ ነው የምትሄድ?»

«ልማር። ደግሞም ላንድ መንደር መንገድ ልንሠራ።»

«ደቦ ጠርተውህ ነው?»

«አልጠሩኝም።»

«ዘመድ አለን እዚያ?»

«የለንም።»

«ታዲያ ይልቃል» አለኝ ስሜን ጠርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ባልጠራህ አገር፣ የማታውቀውን ሰው መንገድ፣ የገዛ አረምህን ትተህ?»

ትክክል ነው። በጎ ፈቃድ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ብነግረውም አልገባውም። እናቴ ለቅሶዋን ጨመረች። አውሮፕላኑ ከነኮቴ ከነከረባቴ ጥሎኝ ሲሄድ ታየኝ። ያኔ አፌ ቀደመኝ።

«ወንፈል ነው አባዬ» አልኩ።

የአባቴ ፊት ፈካ። «እና እንዲያ አትለኝም ኖሯል?» አለ። አለቀ። መርቆ ፈቀደልኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ለአባቴ ብቻ የነገርኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ «ልጄ ህንድ አገር ወንፈል ሊገባ ነው» ብሎ አወጀ። «ቀኑ ሲደርስ ይመልሳሉ።» ይህን የሰሙት የወንፈል ጓደኛው አያ ፈንታ ናቸው። አያ ፈንታ ማለት በአንዲት ስንዝር ወሰን ስንት ዓመት የተሟገቱ፣ የክርክር ወረቀታቸውን በኮሮጆ ይዘው የሚዞሩ፣ ሕግ ከምሳ የሚጥማቸው ሰው ናቸው። ክፉ አይደሉም። ሰው ሲሳሳት ማየት ብቻ ነው የሚወዱ። «ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ» አሉ እየሳቁ። «ወንፈል አለኝ በህንድ!» የቤተክርስቲያኑ ግቢ በሳቅ ሞላ። አባቴ አልሳቀም።

እኔ ሄድኩ።

የአውሮፕላኑን ነገር ሌላ ቀን ቢሆን አውርቼ ባሰለቸኋችሁ ነበር፤ ዛሬ ይቅርባችሁ። የከተማውን ሁለት ሳምንትም እንዝለለው። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ልማት ተማርን። እኔ የማስታውሰው ሙቀቱንና ጣሪያው ላይ የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ነው። ዓይኔን ከሱ አልነቀልኩም። ቢወድቅስ?

መንደሩ ግን ዓይኔ ላይ አለ። እንደኛው የገበሬ አገር ነው። ዝናቡም እንደኛው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ማሳው ሩዝ ነው፤ ውኃ ላይ ተተክሎ ይቆማል። ልጆቻቸው በክረምት ትምህርት ቤት ለመሄድ እስከ ጭናቸው ጭቃ ይገባሉ። እኛ የመጣነው በማሳው መሐል አፈር ቆልለን መንገድ ልናወጣላቸው ነው። ከየአገሩ የተሰበሰብን ሃያ የምንሆን ተማሪዎች ነን። ሥጋ በመንደሩ ስለማይበላ ፍልሰታን ያለ ጭንቀት ጾምኩ። ወተቱን ብቻ ነው ያለፍኩት፤ የመንደሩ ሰው ይህን አይቶ በጣም አዘነልኝ።

ሥራው ተጀመረ። መሪያችን ፊሽካ አለው። ሲነፋ መሥራት፣ እንደገና ሲነፋ ሻይ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በኛ አገር የያዘውን መስመር ሳይጨርስ ቀና ያለ ሰው ይዘፈንበታል። ፊሽካው ተነፋ፤ ሁሉም ተቀመጠ፤ እኔ መቆፈሬን ቀጠልኩ። መሪው መጥቶ «እረፍት ነው» አለኝ። «መስመሬ አላለቀም» አልኩት። ግራ ገባው። እጄ ውኃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ አልነገርኩም። የመንደሩ ሴቶች በቅርጫት ጭቃ በራሳቸው ተሸክመው ከኔ በእጥፍ ፍጥነት ይመላለሱ ነበር። ይህንንም ለማንም አልነገርኩም። ለእናንተ ነው የነገርኩ።

በሦስተኛው ቀን የመንደሩ ሽማግሌ መጡ። ራሳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ የጠመጠሙ፣ እግራቸው እንደ አባቴ የተሰነጣጠቀ። በአስተርጓሚ «ለምን መጣችሁ?» ብለው አንድ በአንድ ጠየቁን። አንዱ ለሰላም አለ። አንዷ ለወንድማማችነት አለች። ሽማግሌው ለሁሉም በትህትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። አባቴን የዋሸሁት ውሸት እዚህም ቀደመኝ። «ወንፈል ነው» አልኩና ሕጉን ነገርኳቸው። አስተርጓሚው እየሳቀ ተረጎመ። ሽማግሌው አልሳቁም። መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ።

«አባትህ ምን ይዘራል?» አሉኝ።

«ጤፍ።»

ጤፍን አያውቁም። ሣር መሳይ ነው፣ ፍሬው ከአሸዋ ይደቅቃል አልኳቸው። ስንት በሬ እንዳለን ጠየቁ። ሁለት አልኩ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ያን ሁሉ አገር ስሻገር አንድም ሰው ያልጠየቀኝ።

«አሁን ባንተ ቦታ የሚያርመው ማነው?»

ዓይኔን ወደ ዶማዬ ጣልኩ። ገበሬ ናቸውና ገባቸው። የተነሳው ወገብ ሌላ ወገብ ላይ እንደሚወድቅ ገበሬ ያውቃል።

ልንሄድ ስንል ሽማግሌው መጥተው ቀይ ክር የእጄ አንጓ ላይ አሰሩልኝ። በዚያ ወር ክር ማሰር ልማዳቸው ነው፤ የዝምድና ምልክት ነው አሉኝ። የኔውን ሲያስሩ ግን ሌላ ቃል ጨመሩበት። «የመንደራችን ቃል ነው። ቀኑ ሲደርስ እንመልሳለን።» አስተርጓሚው ሳቅ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነከሰ። እኔ እጄን ይዤ ቆምኩ። አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አልቅሻለሁ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሞጣ ገባሁ። አቀባበሉን ስነግራችሁ ጉራ እንዳይመስል እፈራለሁ፤ ግን የሞጣ መምህራን ከነተማሪዎቻቸው፣ ቄሱም፣ ከገበያው በኩል ሼሁም ወጥተው ነበር። እናቴ አቅፋኝ ስታበቃ ክሩን አየች። «ማተብህን ከአንገትህ ወደ እጅህ አወረዱብህ?» ብላ ጮኸች። አንገቴን ገልጬ የራሴን ማተብ እስካሳያት ድረስ ጩኸቷ አልበረደም።

«አባዬስ?» አልኳት።

«አያ ፈንታ ማሳ ላይ ነው።»

ከነኮቴ ሄድኩ። ዝናቡ ይወርዳል። አምስት ሰዎች ጎንበስ ብለው ያርማሉ። አራቱ አንድ አንድ መስመር ይዘዋል። አንዱ ግን በቀኝም በግራም እየነቀለ፣ ሁለት መስመር ይዞ ከኋላ ቀርቶ ይመጣል። አባቴ ነው። አያ ፈንታ ቀና ብለው አዩኝና ያለ ተረብ ነገሩኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ በየሰው ማሳ፣ የራሱን መስመርና የኔን መስመር ነው የያዘው። «የልጅህን መስመር እንተውለት» ብለውት ነበር። «የልጄ ቀን አይበላም» አለ።

አባቴ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። አልሳመኝም፤ መጀመሪያ አንድ ነገር ማወቅ ነበረበት።

«ቃል ሰጡ?»

እጄን ዘረጋሁ። ክሩን በጭቃማ ጣቱ ዳሰሰው። ማታ ቤት ስንገባ ከእጄ ፈትቶ ምሰሶው ላይ አሰረው። «ቃል ነው» አለ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አባዬ፣ በጎ ፈቃድ ነው፣ ማንም አይመጣም፣ ዋሽቼህ ነው ማለት ነበረብኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው ውሸት እያደር ከበደ።

መስከረም መጣ፣ ጥቅምት መጣ። ለሰዉ ተረብ ሆንን። አያ ፈንታ አባቴን ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር «አያ በላቸው፣ ህንዶችህ አባይን ተሻገሩ?» ይላሉ። «መንገዱ ሩቅ ነው» ይላል አባቴ። ሌላ ቃል አይጨምርም። እያደር ግን ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ለአንድ የወሰን ክርክር ሽማግሌ ሲመረጥ የአባቴ ስም ተዘለለ። «ቃሉን ህንድ ልኮታል» አለ አንዱ። ይህ በዕድሜው ደርሶበት አያውቅም። እኔ ይህን የሰማሁት ብቸና ሆኜ ነው። የዚያ ባለቃል ሰው ስም የጠፋው በኔ ምላስ ነው።

ኅዳር ላይ ሚስተር ጎፓል ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ድርሰቱን፣ ውሸቱን፣ ሽማግሌውን፣ ክሩን፣ የአባቴን ሁለት መስመር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«አጨዳው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ታኅሣሥ ላይ። ከገና በፊት ባለው ሳምንት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ወደ ክፍልህ ሂድ አሉኝ።

ታኅሣሥ ደረሰ። ትምህርት ቤት ለበዓሉ ተዘጋና ሞጣ ገባሁ። የዚያን ቀን የአጨዳው ተራ የአያ ፈንታ ነበር። አባቴም እኔም ማሳቸው ላይ ነን። ረፋዱ ላይ በሞጣው መንገድ በኩል ጥቁር ጃንጥላ ብቅ አለ። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ገለባ መሐል፣ ከረባት ያሰረ ሰው። በጭነት መኪና ላይ ተጭነው መጥተው፣ ሞጣ ከሚያስተምር የአገራቸው ልጅ ቤት አድረው፣ «አያ በላቸው» እያሉ እየጠየቁ ነው የደረሱት።

ሁሉም ማጨዱን አቆመ። አባቴ ቀና አለ።

«ይህ ማነው?»

«አስተማሪዬ ናቸው። ህንዳዊው።»

«ምን ፈልጎ መጣ?»

ሚስተር ጎፓል አማርኛቸው በጣት ከሚቆጠር ቃል አይበልጥም። አልቸገራቸውም። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። «ወንፈል» አሉ።

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። እኔ ግን የአባቴን ትከሻ አይቻለሁ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ጎብጦ የነበረው ቀና ሲል አይቻለሁ።

አያ ፈንታ ሳቁ። «ማጭድ ስጡት እስቲ። ጣቱን እንዳይቆርጥ ብቻ» አሉ። እውነቱን ልናገር? እኔም ፈራሁ። ሦስት ዓመት ያስተማሩኝ ሰው ጠመኔ እንጂ ሌላ ነገር ሲይዙ አላየሁም። ሚስተር ጎፓል ጃንጥላቸውን አጠፉ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸውን አጣጥፈው ጫማው ውስጥ ከተቱ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ። ከረባቱን ሸሚዛቸው ውስጥ ጨመሩ። የማጭዱን ስለት በአውራ ጣታቸው ፈተሹና ጎንበስ አሉ።

ወዳጆቼ፣ የሩዝ ገበሬ ልጅ ነበሩ።

ጤፉን በግራ እጃቸው ሰብሰብ፣ በቀኝ ሳብ። ሰብሰብ፣ ሳብ። ከሥር ነው የሚያጭዱት፤ ነዶው ሲጋደም አንዲት ዘለላ አትቀርም። ረፋዱ ላይ የተሳቀባቸው ሰው ቀትር ላይ አያ ፈንታን ቀድመው ሄዱ። አጨዳውን የሚያዘፍነው ሰው ስማቸውን ዘፈን ውስጥ አስገባው። የሞጣ ገበሬ በአጨዳ ላይ «ጎፓል፣ ጎፓል» እያለ ሲቀበል የሰማ ተማሪ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ምሳ ሆነ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ንፍሮ ነው፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ሰውዬው ያለ አንዳች ችግር በሉ። «ይሄማ የኛው ሰው ነው» አለ አንዱ።

ሲመሽ ነዶው ተከመረ። ሁላችንም ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምንኛ ደግ ነበር! አያ ፈንታ ግን ኮሮጇቸውን አስተካክለው ተነሱ። ሕጉን ሳያጣሩ የሚያድሩ ሰው አይደሉም።

«ልጅ ይልቃል፣ ጠይቅልኝ» አሉ። «ይህ ሰው ክሩን ያሰረው ሽማግሌ መንደር ሰው ነው?»

ጠየቅኩ። ሚስተር ጎፓል የማይዋሹ ሰው ናቸው። አይደለሁም አሉ። የሳቸው አገር በሌላው ጫፍ ነው፣ በባቡር ስንት ቀን ይኬዳል።

«ሽማግሌው ልኮታል?»

አልላኩኝም አሉ።

«ይኸው!» አሉ አያ ፈንታ። «ሕግ ሕግ ነው። የብቸና ሰው የሞጣን ወንፈል አይመልስም። ይህም የዚያን መንደር ወንፈል ሊመልስ አይችልም። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ጎበዝም ነው። ግን ባዕድ ነው። የአያ በላቸው ወንፈል አልተመለሰም።»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ግን አልቸኮለም። ከጋቢው ላይ ገለባ ለቀመ።

«ልክ ነህ ፈንታ» አለ። «የኔ ወንፈል ገና ህንድ ነው ያለው። ምሰሶዬ ላይ ክሩ አለ፤ ልጠብቀው እችላለሁ። ይህ ሰው የኔን አልመለሰም።»

አያ ፈንታ በድል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲህ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ አባቴ። «ዛሬ የታጨደው የማን ማሳ ነው?»

አያ ፈንታ ወደ ነዶው ዞሩ።

«የኔን ቀን እኔ ውዬልሃለሁ። የልጄን ልጄ ውሎልሃል። ይህ ሰው ደግሞ፣ አንተው እንደፈረድከው፣ ከኔ ጋር ምንም የለው፤ ባዕድ ነው። ባዕድ ማሳህ ላይ ዋለ። ከረፋድ እስከ ማታ ዋለ። ቀድሞህ ዋለ። ፈንታ፣ መቼ ነው የምትመልሰው?»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። ከዚያ ግን ግራሩ ራሱ የሳቀ መሰለኝ። አያ ፈንታ ኮሮጇቸውን አዩ። ኮሮጆው ውስጥ መልስ አልነበረም። አባቴ ግን አልሳቀም። በማግሥቱ ለሽምግልና እንዲቀመጥ ሰው ተላከበት፤ ስሙ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ተናዘዝኩለት። ወንፈል አልነበረም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁህ አልኩ። ትንሽ ሄደ። «ሽማግሌው ክር አስሯል አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩ። «አንተ መስመርህን ጨርሰሃል?» ጨርሻለሁ። «ታዲያ ምን ቀረው? ወንፈል ነው» አለ። እንደ እሱ ያለ አባት ስለ ሰጠኝ ፈጣሪን የማመሰግነው ያን ቀን ብቻ አይደለም።

አያ ፈንታ ጨዋ ተሟጋች ናቸው፤ ራሳቸው ያመጡትን ሕግ አይክዱም። ገና በዋለ በሳምንቱ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ብቸና ወረዱ። ሚስተር ጎፓል እርሻ የላቸውም። ከቤታቸው ጀርባ ቃሪያና ድንብላል የሚያበቅሉባት ጓሮ ነበረቻቸው። አያ ፈንታ እሷን ከጧት እስከ ማታ ቆፈሩ። ሻይ ሲመጣ አልተቀመጡም፤ መስመራቸው አላለቀም። ሁለት ሌሊት አድረው፣ የሚስተር ጎፓልን ባለቤት ወጥ በልተው፣ በርበሬ የምናውቅ እኛ ብቻ አለመሆናችንን በእንባቸው አረጋግጠው ተመለሱ።

ከዚያ ወሬው ጀመረ። መጀመሪያ «ብቸና፣ ህንዳዊው ቤት ሳለሁ» ነበር የሚሉት። እስከ ፋሲካ «ህንዶቹ ቤት ሳለሁ» ሆነ። በዓመቱ «ህንድ ሳለሁ» አሉ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «አያ ፈንታ፣ የሄዱት እኮ ብቸና ነው» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ፎቶ ተነስተህ መጣህ» አሉ። «እኔ መሬታቸውን ነው የቆፈርኩ።»

ከጥቂት ዓመት በኋላ አያ ፈንታ አረፉ። አገር ተሰበሰበ። እኔ አስተማሪ ሆኜ፣ በራሴ ገንዘብ የገዛሁትን ኮት ለብሼ፣ ከአባቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። አልቃሿ መሐል ገባች፤ ደረቷን መታች።

ያገሩን መሬት ማንም ሰው ያርሳል፣
የህንዱን ወንፈል ማን ሄዶ መልሷል?

ለቀስተኛው አነባ። እኔ ደሜ ፈላ። ባሕር የተሻገርኩ እኔ እዚህ ቆሜ! አንድ ቃል ልተነፍስ አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ዝም በል» አለኝ በጆሮዬ። «አንተ ውለህ መጣህ፤ ገና ይመለስልሃል። እሱ ግን ሄዶ መልሶ ነው የሞተ። ከሁለታችሁ የደረሰ እሱ ነው።»

የአባቴ ቃል ነው፤ ምን ላድርግ? ሞጣ ላይ ዝም አልኩ። ሌላው አገር ሁሉ እየዞርኩ የማወራው ለዚያ ነው።